ሦስት ሚዜ በአንድ ራዳር

ሚዜ መምረጥ ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ አላገባም፣ ወይ ጓደኛ የለውም። ሙሽራ መምረጥ እንኳ ከሱ ይሻላል። እኔ ሜሮንን ስመርጥ ከእሷ ጋር የሚወዳደር ሌላ ሰው አልነበረም። እሷ እኔን ስትመርጥ ግን ተወዳዳሪ እንደነበረኝ እስካሁን ታስታውሰኛለች፤ በተለይ ቆሻሻ ማውጣት የረሳሁ ቀን። ሚዜ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ሦስት ጓደኞች አሉህ፣ ሦስቱም ሚዜ ይሆናሉ፣ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጣጣው ከሦስቱ አንዱ «አንደኛ ሚዜ» መባል ያለበት መሆኑ ነው።

አንደኛ ሚዜ እንደሌሎቹ አይደለም። ቀለበት የሚይዘው እሱ ነው፤ ከሙሽራው ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው፤ የሙሽሪት ወገኖች በር ይዘው አናስገባም ሲሉ ሽቶውን እየረጨ ፊት ለፊት የሚጋፈጠው እሱ ነው። ክራቫቱ እንኳ በቀለም ይለያል። ታዲያ ማንም ደፍሮ «እኔን አድርገኝ» አይልም፣ ነውር ነው። ሳይጠይቁ የሚጠይቁበት መንገድ ግን ሞልቷል።

ሦስቱም ጓደኞቼ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለው ሰፈራችን አብረውኝ ያደጉ ናቸው። ታዴ ከአየር ጤና ቤቴል ሚኒባስ ይነዳል። ከሜሮን ጋር የተዋወቅነው እሱ ታክሲ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ሁለታችሁን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳችሁ ሆን ብዬ ነው ይላል፣ እኔ ግን ሌላ ቦታ ስላልነበረ ይመስለኛል። ከድር ጨርቅ ነጋዴ ነው። ልጅ ሆነን እግሬን የሰበርኩ ጊዜ ትምህርት ቤት አዝሎ ያመላለሰኝ እሱ ነው። ብሩክ ደግሞ መምህር ነው። ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ያደረገኝ እኔን ስለሆነ፣ አሁን ተራው የማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም።

ሰርጉ ሲቃረብ ታዴ ባገኘኝ ቁጥር «የአንደኛ ሚዜ መኪና ነጭ መሆን አለበት እንዴ?» ይለኝ ጀመር፤ ለጠቅላላ እውቀት መሆኑ ነው። ከድር የክራቫት ጨርቅ ናሙና አምጥቶ ደረቱ ላይ እየለጠፈ «ለሚሆነው ሰው ይሄ አያምርም?» ይላል። ብሩክ «ለሰርግ ንግግር፣ ስለ ልጅነትህ አራት ገጽ ይበዛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ለሁሉም እስቃለሁ። ቤት ስገባ ሳቄ ያልቅና ጭንቀቴ ይጀምራል። አንዱን ብመርጥ ሁለቱን አጣለሁ ብዬ በእውነት ፈራሁ። እንደነሱ ያለ ጓደኛ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ከየት ይመጣል?

በዚህ መሃል መሥሪያ ቤታችን ስልጠና ሰጠን። እኔ የምሠራው ክትትልና ግምገማ ክፍል ነው፤ ማለትም ሌሎች የሠሩትን እኛ በሥዕል እናሳያለን። የዚያን ቀን አሠልጣኙ ራዳር ቻርት የሚባል ነገር አሳየን። ላላያችሁት፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ነገር ነው። ከመሃል ወደ ዳር መስመሮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ መመዘኛ ነው። በዚያ ነገር ጎበዝ ከሆንክ ነጥብህ ወደ ዳር ይርቃል፤ ደካማ ከሆንክ መሃል ላይ ትቀራለህ። ከዚያ ነጥቦችህ በመስመር ይገናኙና የራስህ የሆነ ቅርጽ ይወጣልሃል። ሁለት ሦስት ሰው እላዩ ላይ ብትደራርብ ማን በምን እንደሚበልጥ ባንድ ዓይን ታያለህ።

እኔ ይህን ሳይ ልቤ ጠፋ። በሳምንት ውስጥ የቤቴልን ካፌዎች በሙሉ በራዳር አወጣኋቸው፤ ማኪያቶ፣ ወንበር፣ የአስተናጋጅ ፊት። ሜሮን አዳራሽ እንምረጥ ስትለኝ አምስት አዳራሽ በአምስት ቀለም አቀረብኩላት። አየችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ እናቷ የመረጡትን አዳራሽ ያዘች። ተስፋ አልቆረጥኩም። የሚዜዎቼንም ነገር በዚሁ እገላገለዋለሁ አልኩ። ሰው ቢቀየምም ቁጥሩን ነው የሚቀየመው፣ እኔን አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ተቀምጬ ስድስት መመዘኛ አወጣሁ፤ ሰዓት ማክበር፣ ንግግር፣ ጭፈራ፣ አለባበስ፣ ምስጢር መጠበቅ እና ሽቶ አረጫጨት። መጀመሪያ ቁጡነትንም አስገብቼ ነበር። ታዴ ቁጡ ስለሆነ ዘጠኝ ሰጠሁት፤ ሶፍትዌሩ ምን ያውቃል፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የታዴን ቅርጽ ወደ ዳር ለጥጦ አሸናፊ አደረገው። በዚያ አያያዝ ሰርጌ ላይ አንድ ሰው ቢደበድብ አሥር ይሞላ ነበር። እሱን አወጣሁት።

ነጥብ መስጠት ስጀምር ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ለሁሉም በሁሉም ዘጠኝ ሰጥቼ ተነሳሁ። ውስጡ በቀለም የሚሞላውን ዓይነት መርጬ ስለነበር፣ ሦስቱ ቅርጽ አንዱ ባንዱ ላይ ተኛና መጨረሻ የገባው ብሩክ ሌሎቹን ድፍን አድርጎ ሸፈናቸው። ከድርና ታዴ ከዓለም ጠፉ። ቀለሙን አነሳሁና በመስመር ብቻ አደረግኩት። ነጥቡንም እውነት እውነቱን ልስጥ ብዬ ጨከንኩ። ታዴ ሰዓት ስለማያከብር በሰዓት ስድስት። ከድር ሲጨፍር ሰው እግሩን ስለሚሰበስብ በጭፈራ ስድስት። ብሩክ ማይክ ከያዘ ስለማይለቅ በንግግር ስድስት። ምስጢር ላይ ብሩክ ዘጠኝ፣ ታዴ ሰባት። ታዴን ሰባት ያልኩት የልጅነት ቅጽል ስሜን ለሜሮን የነገረብኝ እሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ቀሪው ሁሉ ስምንትና ዘጠኝ ነው።

አሁንም ቅርጾቹ ተቀራረቡብኝና ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ መነሻውን ከዜሮ ወደ ስድስት ቀየርኩት። አሠልጣኙ ይህን አታድርጉ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ያኔ ሳምቡሳ እየበላሁ ነበር። ስድስት ያገኘ ሁሉ ዜሮ ያገኘ ይመስል ነጥቡ መሃል ላይ ወደቀ። ሦስቱም ቅርጾች አንድ አንድ ቦታ ላይ አይጥ የገመጠው ዳቦ መሰሉ። መመዘኛዎቹን ቦታ ባለዋወጥኩ ቁጥር ደግሞ ሌላ ሰው ትልቅ ይሆናል። ጭፈራን ከንግግር አጠገብ ሳስቀምጥ ታዴ ይሰፋል፣ ሳርቀው ብሩክ። ብዙ ለፍቼ ያወቅኩት ነገር ቢኖር ማንንም አንደኛ ማድረግ እንደምችል ነው፤ ይህን ደግሞ መጀመሪያም አውቅ ነበር። ምሳ ሰዓት አለቀና ሥዕሉን ፍላሼ ላይ «ሰርግ የመጨረሻ 2» ብዬ አስቀመጥኩት። የጥሪ ካርዳችንም እዚያው ፍላሽ ላይ «ሰርግ የመጨረሻ» ተብሎ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የሆነውን የገመተ ይገምት። ፍላሹን ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ግርማ ሰጠኋቸው። ካርዱ ሲደርስ ከላይ ያለውን አነሳሁና ስሜንና የሜሮንን ስም አየሁ፤ ፊደል አልተሳሳተም። ካርቶኑን እንዳለ ለእማዬ አስረከብኩ። እማዬ ካርድ ማደል ለሰው አትሰጥም። ነጠላዋን አጣፍታ ከቀራንዮ እስከ ቤቴል በየቤቱ እየገባች፣ ቁጭ ብላ፣ የሰው ጤና ጠይቃ ነው የምታድለው።

ሰኞ ቢሮ ቁጭ ባልኩበት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዘውዴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ካርታው አልገባኝም።»

«የምን ካርታ ጋሼ?»

«ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ነዋ። ወደ አዳራሹ ስንመጣ ቀዩን መንገድ ይዘን ነው አረንጓዴውን? ደግሞስ ታዴ የሚባለው ፌርማታ የት ነው?»

«ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ነገር አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! ሁሉም መንገድ እኮ መሃል ድረስ ገብቶ ይመለሳል። ተቆፍሮ ነው?»

ስልኩን እንደዘጋሁ የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ጥሪ ገባ። እሳቸው ካርታ ነው አላሉም፤ ጥለት ነው ብለው አምነዋል። «እንዲህ ያለ ጥለት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ለሸማኔ ሰጥቼዋለሁ፣ ለሰርግህ ለብሼው እመጣለሁ» አሉኝና መረቁኝ። አሜን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ፈቃድ ጠይቄ እየበረርኩ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በደስታ ተቀበሉኝ።

«ወደድከው?»

«ጋሽ ግርማ፣ እሱ እኮ የካርዱ አካል አልነበረም!»

«ስሙ የመጨረሻ ሁለት ይላል። ብደውል አታነሳም። እኔም ገጽ ሁለት ነው አልኩ። ደግሞ ያምራል፤ ጀርባውን በነፃ ነው የሠራሁልህ።» ካርዱን ገልበጥ አድርገው እንደ ልጃቸው አዩት። «ዙሪያውን ጽሑፍ ነበረው፤ ሰዓት ምናምን የሚል። ሥዕሉን ሲያጨናንቅብኝ አነሳሁት። ስሞቹን ግን የሚዜዎችህ መሰሉኝና ተውኳቸው።»

የባሰው ይሄ ነው። መመዘኛዎቹ ተነስተው ሦስት ስምና ሦስት ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። ታዴ በቀይ፣ ከድር በአረንጓዴ፣ ብሩክ በሰማያዊ። ሦስቱም ተገምጠዋል፤ በምን እንደተገመጡ የሚናገር ፊደል የለም። እማዬ ደግሞ ለሚዜዎች መጀመሪያ ይሰጣል ብላ ለእነሱ ቅዳሜውኑ አድርሳላቸዋለች።

ማታ ሳይደርስ ታዴ ደወለ። «ካርዱ ደርሶኛል። እንኳን ደስ ያለህ» አለና ዘጋው። ታዴ ስልክ ላይ እንዲህ አጭር ሆኖ አያውቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር ሲደወልለት እንኳ የሰውየውን ቤተሰብ ጠይቆ ነው የሚዘጋው። ከድር የካርዱን ፎቶ አነሳና የራሱ ቅርጽ የተገመጠበትን ቦታ ከብቦ በጥያቄ ምልክት ላከልኝ። ብሩክ ደግሞ «ተማሪዬን እንኳ ጥያቄውን ሳላሳይ ውጤት ሰጥቼው አላውቅም» ብሎ ጻፈ።

ለሜሮን ስነግራት አልጋው ላይ ወድቃ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ፊቴን አየችና ተነስታ ተቀመጠች። «ጥራቸው። ፊት ለፊት ንገራቸው። ኮምፒውተሩን ደግሞ ይዘህ እንዳትሄድ» አለችኝ።

ቤቴል አንድ ካፌ ቀጠርኳቸው፤ በራዳሬ መሠረት ወንበሩ ምርጥ የሆነው። ከድር ቀድሞ መጣ፣ ብሩክ ተከተለ። ሁለቱም ካርዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡ። ታዴን መጠበቅ ጀመርን። የታዴ ጉድለት መዘግየቱ ነው ብዬ እንዳልናገር ታዴ አልመጣም፤ እስኪመጣ ደግሞ ሻያችን ቀዘቀዘ። ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እኔ የመጣሁት ለመጣላት አይደለም። ምን እንደሆነች አውቄያታለሁ።» በጣቱ የተገመጠችውን የቀይ መስመር ቦታ ነካት። «አባትህ ሆስፒታል የገቡ ቀን ስልኬን አጥፍቼ ነበር። ከሚስቴ ጋር ተጣልቼ። መኪና እያለኝ በኮንትራት ታክሲ ወሰዳችኋቸው። እሱን ይዘህብኝ ነበር አይደል?»

ያን ቀን ለታዴ መደወሌንም ረስቼዋለሁ። አባቴ ድነው ቤት ሲገቡ ደጃፍ ድረስ በሚኒባሱ ያመጣቸው እሱ መሆኑን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔ ደግሞ ገብቶኛል። ቅር አይበልህ፣ አልተቀየምኩም። ሰርጉ ቤተክርስቲያን ነው። እኔ እዚያ ከጎንህ መቆም አልችልም። አንደኛ ሚዜ ሳይቆም እንዴት ይሆናል? ልክ ነህ።»

ይህን ሲል ድምፁ ቀነሰ። ይህ ሰው አዝሎኝ በየቀኑ የትምህርት ቤቱን ዳገት ሲወጣ ማን የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም፤ አሁን እኔ በሠራሁት አንድ የሸረሪት ድር ምክንያት ተቀምጦ ይህን ሲያስብ ሰነበተ። «ወላሂ አላሰብኩትም!» አልኩት። መድኃኔዓለምን ማለት ሲገባኝ ወላሂ ያልኩት ደንግጬ ነው፤ እሱ ግን ሳቀ።

ብሩክ ብቻ ቀረ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ቅጽል ስምህን ለሜሮን የነገርኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?!»

«ፈንዲሻ ይሉት ነበር አልኳት። ሲደነግጥ ስለሚዘል ነው ብዬም አስረዳኋት። ረዘም አድርጌ።»

ዘልዬ ተነሳሁ፤ ስሙን ያወጡልኝ ያለምክንያት አልነበረም። ታዴ «አየህ! እኔን እኮ ዓመት ሙሉ ነው በዚህ ነገር ስትወቅሰኝ የከረምከው!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። እውነቱን ነው። ምስጢር ላይ ሰባት የሰጠሁት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ የሰጠሁት ሰባት ነበር። ያ ሁሉ ቀለም የተቀባው የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው።

ያኔ እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩት። የራዳሩን ነገር፣ ስድስቱን መመዘኛ፣ መነሻውን ከዜሮ ያነሳሁበትን ምክንያት። ታዴ የተገመጠው በሰዓት፣ ብሩክ በንግግር፣ ከድር በጭፈራ መሆኑን ነገርኳቸው። ከሦስታችሁ አንዱን መርጬ ሁለታችሁን እንዳላጣ ብዬ ነው አልኳቸው። የመጨረሻውን ግን አልሰሙትም፣ ምክንያቱም ከድር ተነስቶ ቆሟል።

«በጭፈራ?» አለ። «እኔ? በጭፈራ?»

ሃይማኖቴ ነው ብሎ ሲያስብ አንገቱን የደፋው ሰው ጭፈራ ሲባል ደሙ ፈላ። ካፌው ውስጥ የተከፈተ ሙዚቃ ነበርና እዚያው ወንበር ገፋ አድርጎ ጀመረው። አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አንድ አዛውንት እግራቸውን ሰበሰቡ። ብሩክ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ «ስድስት እንኳ በዝቶለታል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ችግር መጣ። ሦስቱም በአንዴ ጨዋ ሆኑ። «ታዴ ይሁን፣ ያገናኛችሁ እሱ ነው።» «ኧረ ከድር፣ አዝሎህ የለ?» «ብሩክ ይሁን እንጂ፣ ተራው ነው።» ቀድሞ ሁሉም ፈልገውት ተጨንቄ ነበር፤ አሁን ማንም አልቀበልም ብሎ አስጨነቀኝ። ሜሮን ይህን ስትሰማ ትዕግሥቷ አለቀና ለልብስ ሰፊው ደውላ የአንደኛ ሚዜውን ክራቫት በሦስት አሠራችው። ሥራውን ደግሞ እነሱ ራሳቸው ተከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ የተገመጠበትን ካልሰጣችሁኝ አለ።

የሰርጉ ቀን ታዴ ፊቴ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ ደረሰ። ውጭ ሆኖ ክላክሱን ይነፋል፤ እንድቸኩል የሚጮኸው ታዴ፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። የሜሮን ወገኖች በር ላይ ሲቆሙ ሦስቱም እኩል ሽቶ ስለረጩባቸው ዓይናቸውን እያሹ አሳለፉን። ቤተክርስቲያን ስንገባ ከድር ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ስንወጣ መጀመሪያ ያቀፈኝ እሱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ብሩክ ማይክ ያዘ። «ተጋብተዋል። እንወዳቸዋለን። ብሉ።» ብሎ ተቀመጠ። ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ከድር ሲጨፍር መድረኩ ሰፋ፤ ሰው ለእግሩ ሲል ቦታ ለቀቀ። ጋሽ ዘውዴ «አንደኛው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሦስቱም አንዱ ወደ ሌላው ጠቆሙ። እትዬ አልማዝም እንዳሉት በአዲሱ ቀሚስ መጡ። ታዴ ጥለቱን ሊያይ ከኋላ ከኋላቸው እየሄደ ላገኘው ሰው ሁሉ «ቀዩ እኔ ነኝ» ይል ነበር።

በመልሱ ቀን ሦስቱ አንድ ስጦታ ይዘው መጡ። በፍሬም የተሠራ ራዳር ቻርት ነው። ብሩክ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ተምሮ ሠርቶታል። አንድ ቅርጽ ብቻ ነው ያለው፤ ከሥሩ «ፈንዲሻ» ይላል። አምስቱ ጫፍ ዳር ድረስ ሞልቷል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስድስተኛው መሃል ላይ ወድቋል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩ።

«ጽሑፉ ሥዕሉን ሲያጨናንቅብን አነሳነው» አለ ብሩክ።

እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ፍሬሙ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እያየሁት እገምታለሁ። አንድ ቀን ለታዴ ደውዬ ያለበደሉ ስለወቀስኩት ይቅርታ ጠየቅኩት። «እሱ አይደለም» አለኝ። ከድርን ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ አሞት ሳልጠይቀው ስለቀረሁበት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩት። ጨርቅ እየለካ «አመሰግናለሁ፣ እሱ ግን አይደለም» አለ። ብሩክን ስለምን ይቅርታ እንደምጠይቀው ስላላወቅኩ ምሳ ጋበዝኩት።

ሜሮን ታውቃለች፤ ሳቋ ያስታውቃል። ትናንት ማንም ሳይነግረኝ ቆሻሻውን አውጥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ኮራ ብዬ ሳሎን ገባሁ። እሷ አንዴ ፍሬሙን፣ አንዴ እኔን አየችና «እሱም አይደለም» አለችኝ።